አለቃችን አንደኛ የወጡበት ሰንጠረዥ

ሰው ስለ ሰው የሚያወራውን ግማሹን አልሰማም፤ የሰማሁትን ደግሞ "ስንት ጊዜ አይተህ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ጠባዬ ብዙ ጨዋታ አበላሽቶብኛል። የሠፈር ሴቶች አንዷን ሰነፍ፣ ሌላዋን ባለሙያ ሲሉ እኔ መሐል ገብቼ "በስንት ወጥ ተለካ?" ስለምል ሐሜት ላይ የሚጠራኝ የለም። ስታቲስቲክስ የተማርኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ወይም ትምህርቱ ነው እንዲህ ያደረገኝ። አሶሳ ስመደብም ይህንኑ ጠባይ ከሻንጣዬ ጋር ይዤ ሄድኩ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ግድግዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ሰው ይገባበታል፤ ማኅተም ሳይመጣ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ጠረጴዛ ያልደረሰው ሠራተኛ መስኮት ደፍ ላይ ይሠራል። አብዛኞቻችን ከየአገሩ ተለቃቅመን የመጣን ነን። እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ አሶሳ ሙቀት ውስጥ ስገባ የመጀመሪያውን ወር በላብ ብቻ ነው ያሳለፍኩት። ግን ከተማዋን ወደድኳት። ማንጎ በየደጁ ነው፣ ሰው ሰላምታ አይቆጥብም፣ ለእኔ ደግሞ የሚቆጠር ነገር ሞልቷል። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የውኃ ጉድጓድ፣ ስንት ፍየል እንዳለ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ደስ ብሎኝ እቆጥር ነበር።

ጠረጴዛ የምጋራው ከካርታ ሠሪያችን ጋር ነው። የድባጤ ሰው ነው፣ ሺናሻ። የአዲሶቹን ወረዳዎች ወሰን በቀለም እርሳስ እያሰመረ ይውላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰው ሆኖ ቢወለድ እሱን ይመስል ነበር። ሻይ ስጋብዘው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፤ በአራተኛው "ካልከበደሽ" ብሎ ይቀበልና ስኳር ሳያደርግ ይጠጣል፤ ስኳሬን እንዳይጨርስብኝ ብሎ ነው። መንገድ ላይ ሰው ቢገፋው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። እኔ በቀን አንዴ ካልተቆጣሁ ምግብ አይስማማኝም፤ ከእሱ ጋር ግን ምን ብዬ እጣላለሁ? አንድ ሰው ብቻውን አይጣላም።

አለቃችን ከሆሞሻ ወገን የመጡ በርታ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአባቶቻችን ጋር ይተካከላል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ በ"እኔ" ጀምረው በ"እሱ" ይጨርሳሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ይላሉ፤ እኔን "አንተ ልጄ" ሲሉኝ ከማንም "አንቺ" ይልቅ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ የበርታ ቋንቋማ ከሰላምታ አላለፈም፤ እሱንም ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ጌም ቤቱ። ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ግድግዳው ቀርከሃ በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል ነው። ባለቤቱ ከወለጋ የመጣ ጎልማሳ ነጋዴ ነበር፤ ቀን ካሴት ይሸጣል፣ ከሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ጨዋታው ኳስ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ጆይስቲክ ይይዛል፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሰዎች ያሯሩጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ወንበሩን ይዞ ይቀጥላል። ከቢሮ ስንወጣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ሾፌሩ ወደዚያ ይጎርፋል። ከተማው ውስጥ ሌላ ምን ነበርና።

አለቃችን እዚያ ቤት የገቡት ለቁጣ ነው። በሥራ ሰዓት የጠፋ ሠራተኛ ሲፈልጉ ገቡ፣ ሠራተኛው ደንግጦ ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ ደክሟቸው ነበርና ተቀመጡ፤ ባለቤቱ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ጆይስቲኩን አስጨበጣቸው። ተጫወቱ፤ አሸነፉ። ሠራተኛውን መቆጣት ረስተው ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ፣ ከዚያም ወዲያ አልቀሩም።

እኔ ኳስ አልወድም። ጌም ቤቱ ውስጥ ሥራ ያገኘሁት በጠብ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት የክልሉ ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ግልገል በለስ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ገመድ ጉተታ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ዳማ ነበረበት፤ አዘጋጆቹ መሐል ዘመናዊ መባል የወደደ ሰው ስለነበረ "የቴሌቪዥን ኳስ" የሚል ተጨመረ። ከእኛ ቢሮ አንድ ተጫዋች ብቻ ይላካል። ማን ይሂድ በሚለው ሰው ተጣላ። ግልገል በለስ መሄድ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአንዱ ዞናችን ወደ ሌላው ለመድረስ ከክልሉ መውጣት ነበረብን። በወለጋ ዞሮ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ገብቶ፣ በቻግኒ በኩል መመለስ ነው። በራስ ወጪና በራስ ጊዜ የሚሞክረው የለም።

ካርታ ሠሪው በዚያ ሰሞን ሻዩን ጭራሽ መጠጣት ተወ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ስጨቀጭቀው ነገረኝ። እህቱ ልታገባ ነው፣ ድባጤ ላይ፣ ውድድሩ በሚሆንበት ሳምንት። አባታቸው ሞቷል፤ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው፤ በአባት ቦታ ቆሞ የሚድራት እሱ ነው። በቢሯችን በር ላይ ደግሞ ካርታዎቹ ተጠናቀው እስኪላኩ ድረስ ፈቃድ ለማንም እንደማይሰጥ የሚገልጽ፣ በአለቃችን የተፈረመ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ለውድድር የሚሄድ ብቻ ነው። ግልገል በለስ ከደረሰ ድባጤ ለእሱ ደጁ ነው። "ጌሙን እችላለሁ" አለኝ ወደ መሬት እያየ። ይህ ከአፉ የወጣ ትልቁ ጉራ ነው።

እውነትም ይችል ነበር፤ ጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን አይታይም። ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ድል በከሰል አንድ መስመር ያሰምራል፤ መስመር የበዛለት ጎበዝ ነው። የካርታ ሠሪው መስመሮች ከታች ሲቆጠሩ ነበር የሚገኙት። ግድግዳውን አንድ ቀን ቆሜ ሳየው ቁጣዬ መጣ። ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው መስመሩ ይበዛል። ጀማሪዎች በሚመጡበት ሰዓት ወንበሩን የያዘ ደግሞ እነሱን አንድ በአንድ እያነሳ ይሰበስባል። ካርታ ሠሪው ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ ወንበሩ ላይ የሚያገኘው የቀኑን ኃይለኛ ነው። አንዴ አሸንፎ ሌላ ሰው ቆሞ ካየ "ተቀመጥ፣ እኔ በቃኝ" ብሎ ይነሳል። ይህ ግድግዳ የሚለካው ችሎታ ሳይሆን ሥራ ፈትነት ነው ብዬ ጮህኩ። የስፖርት ኮሚቴው ሰዎችም "እንግዲያው አንቺ ለኪው፤ ስታቲስቲክስ ተምረሻል አይደል?" አሉኝ።

ለካሁት። ዘዴው ቀላል ነው። ሁሉም እኩል ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ያሸነፈ ከተሸናፊው ነጥብ ይወስዳል፣ ግን እኩል እኩል አይደለም። ድመት አይጥ ብትይዝ ወሬ አይሆንም፤ አይጥ ድመት ብትይዝ ግን አገር ይሰማል። ከእሱ የሚበልጠውን ያሸነፈ ብዙ ነጥብ ይወስዳል፣ ከእሱ የሚያንሰውን ያሸነፈ ጥቂት። ብዙ መጫወት ብቻውን ምንም አይጠቅምም፤ ደካማ መርጦ መጫወትም አያዋጣም። ከሥራ በኋላ ጌም ቤቱ ጥግ ተቀምጬ ማን ማንን እንዳሸነፈ እጽፋለሁ፣ ቤቴ ስገባ በካልኩሌተር እደምራለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ ሴት ምን ልትሠራ መጣች ብለው ነበር፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ "ጻፍሽው? ጻፍሽው?" የሚሉኝ እነሱው ሆኑ።

ካርታ ሠሪው ከፍ ከፍ ማለቱን ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ኃይለኞቹን ነበር የሚያሸንፈው፣ ነጥቡም በዚያ ልክ ይወጣል። ለእሱ ብዬ አንድም ቁጥር አልነካሁም፤ መንካትም አላስፈለገኝም። ለመጨረሻው ድምር የቀረኝ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ነበር። ደምሬ ሰንጠረዡን ሳወጣ ግን አንደኛ የወጡት አለቃችን ናቸው።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ያው ነው። ካርታ ሠሪው ሁለተኛ፣ እሳቸው አንደኛ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ቁጥር አይዋሽም እያልኩ የኖርኩ ሰው ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።  ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለው። ባለ ጌም ቤቱ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አዴ፣" አለኝ፤ በኦሮምኛ ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ "አዴ፣ ይህ ካልኩሌተር ባትሪው ደህና ነው?"

አለቃችን ሰንጠረዡን አንብበው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እኔ ራሱ አላወቀም ነበር።" እንኳን ደስ አለዎት ለማለት መጀመሪያ የቀረበው ካርታ ሠሪው ነው፤ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። በማግስቱ ቢሮ ውስጥ እርሳሶቹን ሲቀርጽ ዋለ። አንድም መስመር አላሰመረም።

ከሰዓት በኋላ አላስቻለኝም። "ንገረኝ" አልኩት፣ "እሳቸውን አሸንፈሃቸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ለምን?"

መቅረጫውን አስቀመጠ። "አባቴ በሚሆን ሰው ላይ እንዴት ብዬ ነው ጎል የማገባው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ የምጽፈው ውጤት ነው እንጂ ኳሱን አይቼው አላውቅም። አንገቴን ወረቀት ላይ ደፍቼ "ማን አሸነፈ?" እላለሁ፣ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ለብቻ እየያዝኩ ጠየቅኳቸው። ሁሉም መልሱ አንድ ነው። "እኔ እንኳ ለክብራቸው ብዬ ነው፤ ሌሎቹ ግን የምራቸውን ነው የሚሸነፉት።" እያንዳንዱ ለአለቃው የሚሸነፈው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ለእሳቸው መሸነፍ ደግሞ ከማሸነፍ በላይ ሙያ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ከዕረፍት በኋላ ጎሉ እንደሚቀያየር ስለማያስታውሱ ኳሱን ወደ ራሳቸው ጎል ይነዳሉ፤ ያኔ ተጋጣሚው ሮጦ ይነጥቃቸውና ዞሮ የራሱ ጎል ውስጥ ያገባል። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ጆይስቲኮች አንዱ የመምቻ ቁልፉ ይጣበቃል፤ እሳቸው ሲገቡ ባለቤቱ ጥሩውን ያቀርብላቸዋል፣ የሚጣበቀው ለሌላው ይደርሳል። የእኔ ዘዴ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያየው ድመቶቹን ሁሉ እየያዘ የሚበላ አንድ ኃይለኛ አይጥ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡን ሁሉ ለአይጡ ሰጠ። በከሰሉ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ እሳቸው መሐል ላይ ነበሩ። አንደኛ ያደረግኳቸው ፍትሕ አመጣለሁ ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ።

ተናደድኩ። በራሴም፣ በካርታ ሠሪውም፣ በይሉኝታም። የድባጤዋ ሙሽራ ወንድሟን በር በሩን እያየች ልትቀር ነው፤ የእኔ ሰንጠረዥ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ተለጥፏል። ተነስቼ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። ልናገር የሄድኩት ሌላ ነበር፤ በአጠገባቸው የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን ፎቶግራፍ ሳይ እኔም እንደ ሰው ሆንኩ።

"ጋሼ፣ ናሙናው አንሷል" አልኩ።

"ትንሽ ነው? እንግዲያው ጨምር።"

"በአዲስ መልክ ቢሆን ይሻላል። ተጫዋቾቹ ባይተያዩ። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ባያውቁ።"

"ለምንድነው?"

"ሰው ፊት ሲያይ እጁ ይታሰራል።"

ፎቶግራፉን አቃንተው አስቀመጡ። "ጥሩ ነው አንተ ልጄ" አሉ። "አድርግ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ከአንድ ሾፌር የጭነት መኪና ሸራ ተዋስን። ባለ ጌም ቤቱ ከጣሪያው ቀርከሃ ላይ አንጠልጥሎ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ለቀቀው። ቴሌቪዥኑ በሸራው ጫፍ፣ ከሁለቱም በኩል እንዲታይ ሆኖ ተቀመጠ። አንዱ ተጫዋች በፊት በር ይገባል፣ ሌላው በጓሮ። ማን ከማን እንደሚገናኝ በዕጣ ነው፤ ዕጣውን የምናውቀው እኔና ባለቤቱ ነን። መናገር ክልክል ነው። በዕረፍት ሰዓት ጆይስቲኮቹ ይቀያየራሉ፣ የሚጣበቀው ቁልፍ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ። ተመልካቹን ሁሉ ወደ ውጭ አባረርኩ፤ በቀርከሃው ቀዳዳ የሚያየውን ግን ማባረር አልቻልኩም። እኔ በሸራው ጫፍ፣ ሁለቱንም በማይበት ቦታ ቆምኩ። ያን ቀን ወረቀት ሳይሆን ኳሱን አየሁ።

አለቃችን የመጀመሪያውን ተሸነፉ። ሁለተኛውንም ተሸነፉ። ከሸራው ወዲያ ያለው ተጫዋች ማንን እያሸነፈ እንደሆነ አያውቅምና ያለ ርኅራኄ ነው ያገባባቸው። እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አፈጠጡ። በሦስተኛው ዕጣ የደረሳቸው ካርታ ሠሪው ነው። እሱ እስከዚያ ድረስ ያገኘውን ሁሉ አሸንፏል፤ ይህንን ካሸነፈ የሚደርስበት የለም። ካልሆነ ግን ከአንድ ሾፌር ጋር እኩል ሆኖ እንደገና ዕጣ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ገና ኳሱ መሐል ላይ እያለ አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያንን ድምፅ የማያውቅ የቢሯችን ሠራተኛ የለም። በኮሪደሩ ላይ ከእሳቸው ቀድሞ ይመጣል፤ ሲሰማ ጋዜጣ ይታጠፋል፣ እግር ከጠረጴዛ ይወርዳል። የካርታ ሠሪው አውራ ጣቶች ቆሙ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ እንደ ችካል ተተከሉ፤ የአለቃችን አጥቂ በመሐላቸው ቀስ እያለ፣ አንዴም ተሳስቶ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ደርሶ አገባ። ከቀርከሃው ውጭ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ዕረፍት ሆነ፣ ባለቤቱ ጆይስቲኮቹን ቀያየረ።

ካርታ ሠሪው ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ምን ላድርግ የሚል አስተያየት ነው ያየኝ፤ ከሁሉም በላይ አንጀቴን የበላው ያ ነው። እኔ የዚያን ቀን መለኪያ ነኝ፤ መለኪያ አይናገርም። አፍጥጬበት ግን ቆምኩ። እናቴ እንግዳ ፊት ሳበላሽ የምታፈጥጥብኝን ያህል አፈጠጥኩበት። መዳፎቹን በሱሪው ጠረገ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ፣ አገባ።

እንደገና አገባ። አለቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሦስተኛውን አገባ። ከንፈሩን ነክሷል፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ይመስላል፣ እጆቹ ግን አልቆሙም። ቆንጆ ጨዋታ ነው። ኳስ የማልወደው እኔ እንኳ ልቤ ሊቆም ደረሰ። አራተኛውን ከሩቅ መትቶ ሲያገባ ሰዓቱ አለቀ።

ሸራውን የገለጡት አለቃችን ናቸው። አጎንብሰው ወዲያኛውን ወንበር አዩ።

"አንተ ነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እስከ ዛሬ ለእኔ የተሸነፈው ታዲያ ማን ነበር?"

ካርታ ሠሪው ጆይስቲኩን አስቀመጠ። "እሱም እኔ ነበርኩ።"

 አለቃችን ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጄ፣ በዚህ በአዲሱ እኔ ስንተኛ ነው?"

ማባበል አልችልበትም። "መጨረሻ ነዎት ጋሼ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ" አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀጠቀጠው፤ ከዚያ ሳቃቸው ወጣ። እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ሳቁ። "ባለቤቴ ነገረኝ እኮ!" አሉ። "አንደኛ ወጣ ስለው፣ 'አንተ? በቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት የማይችለው? ስንት ሰው ነው የሚፈራህ?' አለ። እኔ ተቆጣ። እሱ ትክክል ነው።" ከዚያ ካርታ ሠሪውን ትከሻውን ይዘው ከወንበሩ አነሱት፤ የእኔንም የድሮ ሰንጠረዥ ከግድግዳው ላይ ራሳቸው ነቀሉት። ባለ ጌም ቤቱ "ዋቃዮ!" ብሎ ፈጣሪውን ጠርቶ ለሁላችን ለስላሳ ከፈተ። በዚያ ሳምንት ቢሮ ውስጥ ደስ ብሎኝ ያልሠራሁበት ቀን አልነበረም።

ካርታ ሠሪው ግልገል በለስ ሄደ። በመኪናው ኋላ፣ ከገመድ ጎታቾቹ ጋር ተጣቦ፣ ለእህቱ የገዛውን ሻርፕ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነው የሄደው። እኔ የቀረሁት በአሸናፊነት ስሜት ነው። ሰውዬው ዋንጫውን ይዞ እንደሚመጣ አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም በሠራሁት ስሌት ኮርቼ ለሚሰማኝ ሁሉ አስረዳ ነበር። የሚሰማኝ ባይኖርም አስረዳ ነበር።

ሲመለስ ያገኘነው ጌም ቤቱ ውስጥ ነው። ፊቱ በርቷል፣ ወፍሯል፣ ከሰርጉ ለእኔ የተላከ ማር ይዟል። አለቃችን አሁን ከሁሉም ጋር እየተጫወቱ ከሁሉም የሚሸነፉ፣ በተሸነፉ ቁጥር ደግሞ "እንደገና" የሚሉ ሰው ሆነዋል፤ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እሱ ዞሩ።

"እንዴት ሆነ?"

"ተሸነፍኩ ጋሼ። በመጀመሪያው ጨዋታ።"

"በመጀመሪያ! በማን ነው?"

"በአንድ የእዚያው ሠራተኛ።"

"እሱ ከአንተ ይበልጣል?"

ካርታ ሠሪው መዋሸት አይችልም። ማሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "አይበልጥም።"

የምሰማውን ማመን አቃተኝ። "ሆን ብለህ ነው?" ብዬ ጮህኩ። "ይህን ሁሉ ለክቼ፣ ሸራ ሰቅዬ፣ ከሰው ተጣልቼ..."

አለቃችን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

"ያሸነፈ እሑድ ለፍጻሜው ይቆያል ተባለ" አለ ካርታ ሠሪው። "እሑድ የእህቴ ሰርግ ነው። አባት የለንም፤ የምድራት እኔ ነኝ። የሄድኩትም ለእሱ ብዬ ነበር።"

ቁጣዬ ውኃ እንደፈሰሰበት ፍም ጠፋ። ምን ይባላል? ሙሽራዋ ወንድሟን አግኝታለች። ከዚያ በኋላ ሽንፈቱን ብጽፈው ባልጽፈው ለማን ምን ይጨምራል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያ ያሰብኩት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። አለቃችን ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ቀሩ።

"ሰርግ?" አሉ። "ይህ ሁሉ ለሰርግ ነው? ለምን አንተ አልነገረኝም? ፈቃድ እኔ ነው የሚፈርመው። ጠዋት ቢነግረኝ ጠዋት ይፈርማል።"

"ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር..."

"ማስታወቂያውን የጻፈው እኔ ነው! የሰው እህት እንዳያገባ ብሎ አልጻፈም!"

እርስ በርሳችን ተያየን። ማስታወቂያውን በየቀኑ እናልፈዋለን፤ ገብቶ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔም ብሆን፣ ሁሉን ነገር "ስንት ጊዜ አይተህ ነው?" የምለው ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ገብቶ ጠይቆ የተከለከለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ማስቸገር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው ጋሼ" አለ ካርታ ሠሪው።

"ማስቸገር!" አለቃችን ከወንበራቸው ተነሱ። "እኔ ላይ አራት ጎል አገባ፣ ሕዝብ እያየ! ከዚያ ይልቅ መጥቶ መጠየቅ ይከብዳል?"

ካርታ ሠሪው ወደ መሬት አየ፣ የምር አሰበበት፣ ከዚያ ቀና አለ።

"አዎ ጋሼ" አለ። "ይከብዳል።"